በጉዞ ላይ ከተሽከርካሪ የሚሰሙ ያልተለመዱ ድምፆች፦ አለያየታቸውና አሽከርካሪው ሊወስድ የሚገባው እርምጃ

ከተሽከርካሪ የሚሰማ አዲስ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት ወደ አደጋ ከመድረሱ በፊት የሚገኝ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። ከመሪው ፊት ለፊት የሚበሩት የማስጠንቀቂያ መብራቶች የሚያሳውቁት መቆጣጠሪያ ስለተገጠመለት ክፍል ብቻ ነው። የላላ የጎማ ዳዶን፣ ያረጀ የእግር ኩሽኔታን ወይም የተሰበረ ባሌስትራን የሚያመለክት መብራት በአብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች ላይ የለም። ስለእነዚህ ክፍሎች አስቀድሞ የሚናገረው ድምፃቸውና ንዝረታቸው ነው።

ይህ መረጃ ለማንኛውም አሽከርካሪና ባለንብረት የሚያገለግል ቢሆንም፣ ከዋና ዋና መንገዶች ራቅ ብለው ለሚሠሩት የበለጠ ያስፈልጋል። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የምትገኘው አዘና ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከሚወስደው ዋና መንገድ ወጣ ያለች ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ አካባቢ ሚኒባስ፣ አይሱዙ ወይም ባጃጅ የሚያሽከረክር ሰው ችግር ሲያጋጥመው በመመርመሪያ መሣሪያ የተደራጀ ጋራዥ በአጠገቡ ላያገኝ ይችላል። በመንገድ መካከል ያለው አማራጭ መቆም፣ በዝግታ መቀጠል ወይም እንደ ወትሮው መጓዝ ነው። አሽከርካሪው የተበላሸውን ዕቃ ስም እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ ይህ የመካኒኩ ሥራ ነው። ከእርሱ የሚጠበቀው ከሦስቱ አማራጮች የትኛው ተገቢ እንደሆነ በትክክል መወሰን ነው።

የድምፁን ምንጭ መለየት

የተሽከርካሪን ድምፅ ለመለየት መጀመሪያ ጤናማ ድምፁን ማወቅ ያስፈልጋል። የናፍጣ ሞተር በባሕርዩ ያንኳኳል። አይሱዙን በመሳሰሉ የጭነት መኪኖች ላይ የጭስ ማውጫ ፍሬን ሲያዝ የሚሰማው የታፈነ ትንፋሽ እንዲሁም በአየር ፍሬን በሚሠሩ ከባድ መኪኖች ላይ ፔዳሉ ሲለቀቅ የሚሰማው "ፍስስ" የሚል ድምፅ ጤናማ ናቸው። ዝናብ ሲዘንብበት ያደረ መኪና ጠዋት ሲነሣ በፍሬን ዲስኩ ላይ ያረፈው ስስ ዝገት ትንሽ የመፋቅ ድምፅ ያሰማል፤ ፍሬኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያዝ ግን ይጠፋል። ሊያሳስብ የሚገባው ትናንት ያልነበረና ዛሬ የተሰማ፣ ተሰምቶም እየጨመረ የሚሄድ ድምፅ ነው።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ድምፁ የሚከተለው ሞተሩን ነው ወይስ ጎማውን የሚለው ነው። ይህን ለመለየት መኪናውን በሜዳማና አስተማማኝ ቦታ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬን ይዞና ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጎ ነዳጅ መስጠት በቂ ነው። ድምፁ መኪናው እንደቆመ ከተሰማና ከሞተሩ ዙር ጋር ከጨመረ፣ ምንጩ ሞተሩ፣ ቺንጊያው ወይም ከሞተሩ ጋር የሚዞር ሌላ ክፍል፣ አለበለዚያም የጭስ ማውጫው ነው። መኪናው ቆሞ የማይሰማ ከሆነና በጉዞ ላይ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ ግን ጎማን፣ የእግር ኩሽኔታን፣ ፍሬንን፣ ሴሚያስን ወይም ዲፈረንሻልን መጠርጠር ይገባል። በጉዞ ላይ ሞተር አጥፍቶ ለማዳመጥ መሞከር በፍጹም ክልክል ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ለመሪውና ለፍሬኑ የሚሰጠው እገዛ ይቋረጣል፤ ቁልፉ ከተነቀለም መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

ድምፁ የሚሰማበትን ሁኔታ ማስተዋልም ምንጩን ያጠብባል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ከፍሬን ክፍሎች ውጭ የሚወስድበት ምክንያት እምብዛም የለም። መሪ ሙሉ በሙሉ ሲዞር "ቀጭ ቀጭ" የሚል ድምፅ፣ ቪትዝንና ኮሮላን በመሳሰሉ የፊት እግራቸው በሚጎትት አውቶሞቢሎች ላይ የፊት ሴሚያስ መጋጠሚያ መበላቱን ያመለክታል። ማርሽ ሲገባ ወይም ነዳጅ ተለቆ እንደገና ሲሰጥ ከመኪናው ሆድ "ጓ" የሚል ምት ከተሰማ፣ የኋላ እግራቸው በሚገፋ ሚኒባሶችና የጭነት መኪኖች ላይ በቅድሚያ የሚታየው ክሮቼራው ነው። የእግር ኩሽኔታ የሚያሰማው እንደ ንብ መንጋ የሚተም ድምፅ ሲሆን ከፍጥነት ጋር ይጨምራል። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ድምፁ ከበረታ ክብደቱ ያረፈበት የቀኝ እግር፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከበረታ ደግሞ የግራው እግር ይጠረጠራል።

የፍሪሲዮንና የካምቢዮ ድምፅ በቀላሉ ይለያል። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚመጣ ጩኸት የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ድምፅ ነው፤ በፎሌ የሚሰማና ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ ግን የካምቢዮ ኩሽኔታን ያመለክታል።

ወዲያው የሚያስቆሙ ድምፆች

አንዳንድ ድምፆች ከተሰሙ በኋላ "እስከ ከተማ ልድረስ" ማለት አይገባም።

ከእነዚህ ቀዳሚው ከአንድ እግር የሚመጣ፣ ከጎማው ዙር ጋር የሚደጋገምና በመሪው ወይም በወለሉ ላይ ንዝረት የሚያስከትል የማንኳኳት ድምፅ ነው። ድምፁ የጎማ ዳዶዎች መላላታቸውን ሊያመለክት ይችላል። ጎማ በጎሚስታ ተፈትቶ ከተገጠመ በኋላ በነበሩት ሰዓታት ውስጥ ከተሰማ ደግሞ ጥርጣሬው የበለጠ ይጠነክራል። የላላ ዳዶ የቸርኬውን ቀዳዳ እያሰፋና ቡሎኑን እየቆረጠ ሄዶ በመጨረሻ እግሩን ይለቅቀዋል። ከጭነት መኪና ተለይቶ የሚንከባለል ጎማ በመንገድ ዳር ለሚሄድ እግረኛና በመንገዱ ላይ ለሚያልፍ የፈረስ ጋሪ የሞት አደጋ ነው። ስለዚህ ጎማ በተለወጠ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ ቆሞ ዳዶዎቹን እንደገና ማጥበቅ ግዴታ ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል። አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ይሁንና ተመሳሳይ "ጣ ጣ" የሚል ድምፅ በጎማው ጥርስ መካከል ከተሰካ ጠጠርም ሊመጣ ይችላል። በጠጠር መንገድ ላይ ይህ የዘወትር ጉዳይ ነው። በክረምት ወራት በቸርኬው ውስጠኛ ክፍል ተጋግሮ የደረቀ ጭቃም ጎማውን ከሚዛን አውጥቶ መሪውን ያንዘፈዝፋል። ሁለቱም በእጅና በእንጨት የሚወገዱ ናቸው። ሆኖም ከባዱ ነገር አለመሆኑን ማረጋገጥ የሚቻለው ቆሞ በመመልከት ነውና፣ በሁለቱም ሁኔታ የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ነው።

ሁለተኛው ከሞተሩ ሥር የሚሰማ፣ ነዳጅ ሲሰጥ የሚበረታ ከባድና ጥልቅ የመዶሻ ምት ነው። ከዘይት መብራት ጋር ተያይዞ ከመጣ ሞተሩ የዘይት ግፊት አጥቶ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው ማለት ይቻላል። መኪናው ከመንገድ እንደወጣ ሞተሩ በአፋጣኝ መጥፋት አለበት። ዘይት ሞልቶ መቀጠል የሚቻለውም መብራቱ ከጠፋና ምቱ ከቆመ ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ ጥቂት ኪሎ ሜትር መቀጠል በመጠነኛ ወጪ የሚጠገንን ሞተር ሙሉ በሙሉ የሚለወጥ ያደርገዋል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን በሌሎች ሰዎች ላይ ለሚደርስ ጉዳት የተቋቋመ በመሆኑ፣ ባለንብረቱ ለዚህ ዓይነቱ ኪሳራ ከእርሱ ካሳ ሊጠብቅ አይችልም።

ሦስተኛው በኮፈኑ ሥር የሚሰማ የመፍላትና የእንፋሎት ድምፅ ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን፣ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውኃ ከዚህ በላይ ሙቀት የሚችለው ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ነው። ጎማው ያረጀ የራዲያተር ክዳን ለዓይን ጤነኛ መስሎ በደጋ ዳገት ላይ ሞተሩን ለመፍላት ያጋልጠዋል። ድምፁ እንደተሰማ ቆሞ ሞተሩን ማጥፋትና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ትኩስ ራዲያተር መክፈትም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ በጋለ ሞተር ላይ መድፋት አይፈቀድም፤ የመጀመሪያው ሰውን ያቃጥላል፣ ሁለተኛው ሞተሩን ይሰነጥቃል።

ፍሬንና ረጅም ቁልቁለት

የአካባቢው አሽከርካሪ በሁለት አቅጣጫ ረጅም ቁልቁለት ይጠብቀዋል። በአንድ በኩል ከእንጅባራ ደጋ ወደ ቻግኒ ሲወርድ ከፍታው ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲያመራ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ መውረድ፣ ከዚያም ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት አለበት፤ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት ያለው ነው። ከአዊ ዞን ከሰል፣ ድንች ወይም እህል ጭኖ የሚነሣ መኪና ከመጠን በላይ ከጫነ፣ ተጨማሪውን ክብደት በቁልቁለት ላይ የሚሸከመው ፍሬኑ ነው።

ፍሬን ሲያዝ የሚሰማ ቀጭን ፉጨት በብዙ ባለ ዲስክ መኪኖች ላይ ሆን ተብሎ የተሠራ ማስታወቂያ ነው። ሸራው ሲያልቅ አንዲት ትንሽ ብረት ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ ተደርጋ ተገጥማለች። ይህ ደረጃ ጉዞን ወዲያው የሚያስቆም ባይሆንም፣ ከቁልቁለቱ በፊት ባለው ከተማ ሸራው እንዲለወጥ ያስገድዳል። ፉጨቱ ወደ መፋቅና መፍጨት ከተለወጠ ሸራው አልቆ ብረቱ ዲስኩን ወይም ታምቡሩን እየበላ ነው፤ እንዲህ ያለ መኪና በቁልቁለት መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። አልፎ አልፎ በጠጠር መንገድ ላይ አንዲት ጠጠር በዲስኩና በአቧራ መከላከያው መካከል ገብታ እጅግ አስደንጋጭ የብረት ጩኸት ታሰማለች። መኪናውን ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ብዙ ጊዜ ያስወጣታል። ጩኸቱ ከዚያ በኋላ ካልጠፋ ግን እግሩ ተፈትቶ ሊታይ ይገባል።

በዚህ ክፍል ላይ አንድ ማሳሰቢያ ከሁሉም ይልቅ ትኩረት ይሻል። እጅግ አደገኛው የፍሬን ብልሽት ድምፅ የለውም። የፍሬን ዘይት ከጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውኃ የገባበት ዘይት ደግሞ ፍሬኑ በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላል። ፈልቶ የተፈጠረው እንፋሎት ስለሚታመቅ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ከዚያም እስከ ወለሉ ይወርዳል። የጋለ ሸራም እንዲሁ በጸጥታ የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ ምልክቱ የሚቃጠል ጎማ የመሰለ ሽታ ነው። ስለሆነም በቁልቁለት ላይ የጆሮ ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም፤ የፔዳሉ ስሜትና ሽታውም አብረው ይታያሉ። የፍሬን ዘይት በአምራቹ መመሪያ መሠረት፣ መመሪያው ካልተገኘም በየሁለት ዓመቱ እንዲለወጥ ይመከራል።

ቁልቁለትን ለመውጣት በሚያስፈልገው ከባድ ማርሽ መውረድ የቆየ ምክር ነው፤ ዛሬም የተሻለ አልተገኘለትም። ነዳጅ ለመቆጠብ በሚል በፎሌ መውረድ የሞተሩን የመያዝ ኃይል አጥፍቶ ሸክሙን በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይጥላል። የሚገኘው ቁጠባም እምብዛም ነው፤ በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠሩ ዘመናዊ ሞተሮች በማርሽ ሲወርዱ ነዳጅ መርጨት ያቆማሉ። በአየር ፍሬን በሚሠሩ መኪኖች ላይ ደግሞ የማያቋርጥ የአየር መውጣት ድምፅ ወይም የዝቅተኛ ግፊት ደወል ከተሰማ ቁልቁለት መጀመር አይቻልም።

በጥንቃቄ እስከ ጋራዥ የሚያደርሱ ድምፆች

ጠዋት በብርድ ሞተር ሲነሣ የሚጮህ ቺንጊያ ጥቂት ቆይቶ ዝም ካለ የላላ ወይም የረጠበ ነው። ጩኸቱ ቀኑን ሙሉ ከቀጠለ ግን መለወጥ አለበት፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ያው ቺንጊያ የውኃ ፓምፑንም የሚያዞር በመሆኑ ሲበጠስ መኪናው ይፈላል። በጎርባጣ መንገድ የሚሰማ መንኳኳት ከጎሚኒ፣ ከቴስቲና ወይም ከባሌስትራ የሚመጣ ነው። ጎሚኒ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሊቆይ ይችላል። ቴስቲና ግን መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዝ በመሆኑ፣ መንኳኳቱ በመሪው ላይ በእጅ ከተሰማ ወይም መሪው ከወትሮው ከላላ መኪናው መቆም አለበት። የተሰበረ ባሌስትራ መኪናውን በአንድ ወገን ስለሚያዘነብል ከውጭ ሲታይ በቀላሉ ይታወቃል።

የተቀደደ የጭስ ማውጫ ወይም ማርሚታ ጩኸት እንደ ብልሽት ሳይሆን እንደ ነውር ብቻ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። አደጋው ሌላ ነው። በመኪናው ሆድ ሥር የሚያመልጠው ጭስ ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይዟል። በአዊ ደጋ ብርድ መስኮት ዘግቶ መጓዝ የተለመደ በመሆኑ ጋዙ በተሳፋሪዎች መካከል ሊከማች ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ከባድ ድብታ በአንድ መኪና ውስጥ ባሉ ብዙ ሰዎች ላይ በአንድ ጊዜ ከታየ መስኮቶችን መክፈትና ሰዎቹን ማስወረድ ያስፈልጋል።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ቁጥር እየጨመረ ነው። በእነዚህ ላይ የሞተር ጩኸት ስለማይኖር የጎማና የኩሽኔታ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል፤ አዲስ ባለንብረቶች ጤናማውን የጎማ ድምፅ እንደ ብልሽት ሲቆጥሩት ይታያል። ፍጥነት የሚቀንሱት በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ሞተሩ ስለሆነ፣ ብዙም ያልተነካው የፍሬን ዲስካቸው ዝጎ መፋቅ ሊያሰማ ይችላል።

ሲቆም መደረግ ያለበት

መኪናው ከመታጠፊያና ከኮረብታ ጫፍ ራቅ ብሎ፣ በተቻለ መጠን ከመንገዱ ወጥቶ መቆም አለበት። የአደጋ ጊዜ መብራት ይበራል፣ ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ምልክት ከኋላ ይቀመጣል፣ ጎማው በታኮ ይያዛል። ረዳቱ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ከመግባት ሊከለከል ይገባል። ምልክት የሌለው አሽከርካሪ ድንጋይና ቅጠል በመንገዱ ላይ መደርደሩ የተለመደ ነው፤ መኪናው ሲነሣ ድንጋዩ በቦታው መቅረቱ ግን በሌሊት ለሚመጣው ባለ ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ ሌላ አደጋ ይፈጥራል። ያስቀመጠው ሰው ሳያነሣው መሄድ የለበትም።

በጋራዥና በምርመራ ጣቢያ

ለመካኒክ "መኪናው ይጮሃል" ማለት ለግምት በር ይከፍታል፤ ግምት ደግሞ ያልተበላሸ ዕቃ ያስለውጣል። ድምፁ መቼ እንደጀመረ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሰማ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ፣ ከጭነት ጋር ነው ወይስ ያለ ጭነት፣ በቅርቡ ምን እንደተጠገነ መግለጽ ሥራውን በግማሽ ያቀልለታል። በእጅ ስልክ የተቀዳ ድምፅም ይረዳል። ድምፁ ከየትኛው ወገን እንደሚመጣ ካልታወቀ መስኮት ከፍቶ ከግንብ አጥር አጠገብ በዝግታ ማለፍ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግንቡ ድምፁን መልሶ ስለሚያሰማ ግራና ቀኙ ይለያል። ባለንብረቱ የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ እንዲሁም ደረሰኙን መጠየቅ አለበት፤ በአሮጌው ሸራ ወይም ኩሽኔታ ላይ የሚታየው አበላል ድምፁ በእርግጥ ከዚያ የመጣ መሆኑን ያሳያል።

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ያደርጋሉ። የምርመራው ውጤት የሚያረጋግጠው ተሽከርካሪው በዚያ ዕለት የነበረበትን ሁኔታ ነው። ቦሎ የተለጠፈበት መኪና በማግስቱ የጎማ ዳዶው ሊላላ ይችላልና፣ በመስከረም የተገኘ ማረጋገጫ በሚያዝያ ለሚሰማ የፍሬን መፍጨት መልስ አይሆንም።

የሕዝብ ማመላለሻ ተሳፋሪዎችም በዚህ ድርሻ አላቸው። በኋለኛው ወንበር የተቀመጠ ሰው የኋላ እግርን ድምፅ ከአሽከርካሪው ቀድሞ ይሰማል፤ በተለይ ከፊት ሙዚቃው ከፍ ብሎ ከተከፈተ አሽከርካሪው ጨርሶ ላይሰማው ይችላል። ያልተለመደ መፋቅ፣ መንኳኳት ወይም የሚቃጠል ሽታ ያስተዋለ ተሳፋሪ ለረዳቱ ወዲያው ሊናገርና መኪናው ቆሞ እንዲታይ ሊጠይቅ ይችላል። አሽከርካሪው ሳያይ ለመቀጠል ከወሰነ የሰሌዳ ቁጥሩን ይዞ በቀጣዩ መናኸሪያ ላለው ተቆጣጣሪ ወይም በመንገድ ላይ ለሚገኝ የትራፊክ ፖሊስ ማሳወቅ ይቻላል።